የጁሪ መመሪያ ሲያከራክር ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መቼ ጣልቃ ይገባል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ የአሜሪካን ፌዴራል የወንጀል ችሎቶች ይመለከታሉ። የየስቴቱ ሥርዓት በጊዜ ገደብና በቅጽ ይለያያል። ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር ቀናቱና ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጁሪ መመሪያ የሚባለው ምንድን ነው?

ጁሪው፣ ማለትም ከተራ ዜጎች መካከል የተመረጠው ፈራጅ ቡድን፣ የተፈጸመውንና ያልተፈጸመውን ይለያል፤ ሕጉን የሚነግረው ግን ዳኛው ነው። መመሪያ ማለት ዳኛው ለ12ቱ የጁሪ አባላት የሚያነብላቸው ጽሑፍ ነው፦ የወንጀሉ ማቋቋሚያ ፍሬ ነገሮች ምን ምን እንደሆኑ፣ የማስረዳት ሸክሙ በማን ላይ እንዳለ፣ «ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ፣ የምስክር ቃል እንዴት እንደሚመዘን። ጁሪ ሕጉን ከዳኛው መቀበል እንዳለበት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1895 ወስኗል። ስለዚህ መመሪያው ከተሳሳተ ጁሪው የሚሠራው በተሳሳተ ሚዛን ነው።

ጸቡ አብዛኛውን ጊዜ በገጾች ላይ ሳይሆን በአንድ ቃል ላይ ነው። «እያወቀ» በሚለውና «ማወቅ ሲገባው» በሚለው መካከል ያለው ልዩነት አንድን ሰው ወደ ቤቱ ወይም ወደ ወኅኒ ሊልከው ይችላል።

ማን ያረቅቀዋል? መቼስ ይጸድቃል?

ሁለቱም ወገኖች ረቂቅ ያቀርባሉ፤ የሚወስነው ዳኛው ነው። ብዙዎቹ የይግባኝ ሰርኪዩቶች (በየአካባቢው የተከፋፈሉት ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤቶች) መነሻ የሚሆን የናሙና መመሪያ አሳትመዋል። ናሙናው ግን ሕግ አይደለም። «ከናሙናው ቃል በቃል የተወሰደ ነው» ማለት ትክክለኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ ሕጉ ተቀይሮ ናሙናው ያልተሻሻለበት ጊዜ አለ።

በፌዴራል የወንጀል ሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 30 መሠረት ጥያቄው የሚቀርበው ማስረጃ ተሰምቶ ሲያበቃ ወይም ዳኛው ቀደም ብሎ በሚቆርጠው ቀን ነው። ዳኛው የትኛውን ጥያቄ እንደሚቀበልና የትኛውን እንደሚጥል ከመዝጊያ ንግግር በፊት ለተከራካሪዎች ማሳወቅ አለበት። ይህ «በፊት» የሚለው ቃል ቀላል እንዳይመስላችሁ። ጠበቃው የመዝጊያ ንግግሩን የሚገነባው በመመሪያው ላይ ነው፤ ዐቃቤ ሕግም ወደ ይግባኝ ሰሚ ለመሮጥ ጊዜ የሚኖረው ይህን አስቀድሞ ካወቀ ብቻ ነው።

ዳኛው በመመሪያው ላይ የሰጠው ብይን ስህተት ነው ብለን ወዲያው ይግባኝ ማለት አንችልም?

በመደበኛው መንገድ አይቻልም። ፌዴራል ይግባኝ የሚባለው በመጨረሻ ፍርድ ላይ ነው። በወንጀል ጉዳይ ደግሞ የመጨረሻ ፍርድ ማለት ቅጣት ተወስኖ ፍርዱ መዝገብ ላይ የሰፈረበት ነው። በመሀል በሚሰጥ ብይን ሁሉ ይግባኝ ቢፈቀድ አንድ ክርክር ዓመታት ይወስድ ነበር።

ለዐቃቤ ሕግ የተለየ ሕግ አለ። ክስ ሲሰረዝ ወይም ማስረጃ እንዳይቀርብ ሲታገድ ጁሪው ቃለ መሐላ ከመፈጸሙ በፊት ይግባኝ ማለት ይችላል። የመመሪያ ብይን ግን በዚያ ሕግ ውስጥ አልተካተተም።

ታዲያ ዐቃቤ ሕግ በክርክሩ መሀል ይግባኝ ሰሚውን ለምን ያስቸግራል? የመጨረሻውን ፍርድ ለምን አይጠብቅም?

ጠብቆ የሚያገኘው ነገር ላይኖር ስለሚችል ነው። የዚህ ርእስ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አምስተኛ ማሻሻያ አንድን ሰው በአንድ ወንጀል ሁለት ጊዜ ለክስና ለቅጣት አደጋ ማጋለጥን ይከለክላል። አደጋው የሚጀምረው ጁሪው ተመርጦ ቃለ መሐላ ሲፈጽም እንደሆነ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 አጽንቷል። ከዚያ በኋላ ጁሪው «ጥፋተኛ አይደለም» ካለ መዝገቡ ተዘጋ። መመሪያው የቱንም ያህል የተበላሸ ቢሆን ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ የለውም።

ተከሳሹ በተቃራኒው ነው። ጥፋተኛ ከተባለ የመመሪያውን ስህተት ይዞ ይግባኝ ይላል፤ ካልተባለ ደግሞ ይግባኙ አያስፈልገውም። ስለዚህ በመሀል የመግባት ጥያቄ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል የሚመጣው ከዐቃቤ ሕግ ነው። ይህ አድልዎ ሳይሆን የሰዓት ጉዳይ ነው፦ ለአንደኛው በሩ ከፍርድ በኋላ ይከፈትለታል፣ ለሌላኛው ከፍርድ በኋላ ይዘጋበታል።

ማንዳመስ ምንድን ነው? ምን ያህልስ ይከብዳል?

ማንዳመስ የበላይ ፍርድ ቤት ለበታች ዳኛ «ይህን አድርግ» ወይም «ይህን አታድርግ» ብሎ የሚሰጠው ልዩ ትእዛዝ ነው። ሥልጣኑ የሚመነጨው ከ1789 ጀምሮ ካለ ሕግ ነው። ይግባኝ አይደለም፤ ይግባኝ በማይቻልበት ቦታ የሚቀርብ አቤቱታ ነው።

መስፈርቱን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2004፣ በወቅቱ ምክትል ፕሬዚዳንት በነበሩት በዲክ ቼኒ ጉዳይ፣ በሦስት አስቀምጦታል። አመልካቹ ሌላ በቂ መፍትሔ ሊኖረው አይገባም። መብቱ ግልጽና የማያከራክር መሆን አለበት። እነዚህ ሁለቱ ተሟልተውም ይግባኝ ሰሚው ትእዛዙ ለሁኔታው ተገቢ ነው ብሎ ማመን አለበት።

ለዐቃቤ ሕግ የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ ነጻ የመልቀቅ ውሳኔ መመለሻ የለውም። የሚሰበረው ሁለተኛው ላይ ነው። «ዳኛው ተሳስቷል» ማለት አይበቃም፤ ጥያቄው ሁለት ምክንያታዊ ዳኞች ሊለያዩበት የሚችሉት ከሆነ መብቱ የማያከራክር አይደለም። አዲስ የሕግ ጥያቄ፣ በሰርኪዩቶች መካከል ልዩነት ያለበት ጥያቄ፣ ወይም በማስረጃው አካሄድ የሚወሰን መመሪያ ለማንዳመስ አይመችም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1967 ይህን መሣሪያ በወንጀል ጉዳይ ላይ እንደ ተራ ይግባኝ መጠቀም እንደማይገባ አስጠንቅቋል።

በተግባር እንዴት ይቀርባል?

መጀመሪያ የሚጻፍ ብይን ማግኘት ያስፈልጋል። ዳኛው «እንዲህ ለማለት አስባለሁ» ብሎ ከተወው ወይም «ማስረጃውን ሰምቼ እወስናለሁ» ካለ አቤቱታው ያለጊዜው የቀረበ ተብሎ ይወድቃል። ስለዚህ ልምድ ያለው ዐቃቤ ሕግ ቀደም ብሎ፣ ጁሪው ሳይመረጥ፣ ዳኛው ቁርጥ ያለ አቋም እንዲይዝ በጽሑፍ ያመለክታል። ዳኛው ሐሳቡን እንዲለውጥ መጠየቅም ይገባል፤ ይግባኝ ሰሚው «ለእሱ ነግራችሁት ነበር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ከዚያ በይግባኝ ሥነ ሥርዓት ደንብ ቁጥር 21 መሠረት አቤቱታው በቀጥታ ለሰርኪዩት ፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ይገባል። የሚፈለገውን ትእዛዝ፣ የሕጉን ጥያቄ፣ አስፈላጊውን ፍሬ ነገርና ምክንያቱን መያዝ አለበት፤ የብይኑና የአስፈላጊ ቃለ ጉባኤዎች ቅጂም ይያያዛል። በኮምፒውተር የተጻፈ ከሆነ ከ7,800 ቃላት መብለጥ የለበትም። ለተከራካሪዎች ሁሉ ይደርሳቸዋል፣ ለዳኛውም ቅጂ ይሰጠዋል። ዳኛው ግን ተከራካሪ አይደለም። መልስ እንዲሰጥ ግን ሊጋበዝ ወይም ሊታዘዝ ይችላል።

ይግባኝ ሰሚው ያለ መልስ ውድቅ ሊያደርገው ይችላል። ሊቀበለው የሚያስብ ከሆነ ግን ሌላውን ወገን መልስ ስጥ ብሎ ማዘዝ አለበት።

በጣም የተለመደው ስህተት፦ አቤቱታ ማስገባት ብቻውን ክርክሩን አያቆምም። ዕግድ ለብቻው መጠየቅ አለበት፣ መጀመሪያም ከዚያው ከዳኛው ዘንድ። ዕግድ ሳይገኝ ጁሪው ወደ ምክክር ክፍል ከገባና ውሳኔ ይዞ ከወጣ፣ አቤቱታው ከወረቀት አያልፍም።

የተሳካበት ጊዜ አለ?

አለ፣ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። በ1994 ሦስተኛው ሰርኪዩት በሪኮ (የተደራጀ ወንጀልን በሚመለከተው ሕግ) ክስ ላይ ዳኛው ለመስጠት ያሰቡትን መመሪያ በማንዳመስ አስቁሟል። በ2002 ደግሞ በኒውዮርክ አንድ ዳኛ ተከሳሹ ጥፋተኛ ከተባለ ቢያንስ 10 ዓመት እንደሚጠብቀው ለጁሪው ሊነግሩ አሰቡ። ሁለተኛው ሰርኪዩት ትእዛዙን ሰጥቶ አስቆማቸው። ምክንያቱ ቀላል ነበር፦ ቅጣት የዳኛ ሥራ ነው፣ ጁሪው የቅጣቱን ክብደት እያሰበ እንዳይፈርድ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1994 አስረግጦ ነበር። መብቱ የማያከራክር የነበረውም በዚህ ነው።

ይኸው ሰርኪዩት በ2019 ከኮነቲከት የመጣ ተመሳሳይ አቤቱታ በከፊል ብቻ ተቀበለ። ጠበቃው ጁሪው ሕጉን ችላ ብሎ እንዲፈርድ እንዳይከራከር ከለከለ፤ ዳኛው ገና ባልወሰነው ክፍል ላይ ግን ጣልቃ አልገባም። ቀደም ብለን «ቁርጥ ያለ ብይን ያስፈልጋል» ያልነው ለዚህ ነው።

የትራምፕ የሰነዶች ክስ ላይ የነበረው ጸብ ይኸው ነው?

አዎ፣ ከሁሉም በላይ የታወቀው ምሳሌ ነው። ትራምፕ የተከሰሱት ከፕሬዚዳንትነት ከወረዱ በኋላ ምስጢራዊ ሰነዶችን ይዘው ቆይተዋል ተብለው ነበር። በመጋቢት 2024 በፍሎሪዳ ጉዳዩን የያዙት ዳኛ አይሊን ካነን ሁለቱም ወገኖች ስለ 1978ቱ የፕሬዚዳንታዊ መዛግብት ሕግ የመመሪያ ረቂቅ እንዲያቀርቡ አዘዙ። ረቂቁ መመሥረት ያለበት በሁለት አማራጭ የሕጉ አተረጓጎሞች ላይ ነበር፤ ሁለቱም ያ ሕግ ለክሱ ተገቢነት እንዳለው ያስባሉ። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ጃክ ስሚዝ በሚያዝያ 2 በሰጡት መልስ መነሻው ራሱ የተሳሳተ ነው አሉ። ዳኛዋ ቶሎ እንዲወስኑ፣ ካልሆነም ከክርክሩ በፊት ማንዳመስ ለመጠየቅ የሚበቃ ጊዜ እንዲሰጣቸው ጠየቁ።

ዳኛዋ በሚያዝያ 4 ክሱ በዚያ ሕግ ይሰረዝ የሚለውን የትራምፕን ማመልከቻ ውድቅ አደረጉ። መመሪያው ገና ከክርክር በፊት ይጽና የሚለውን የስሚዝን ጥያቄ ግን በጠንካራ ቃል ነቀፉ፤ ወደ ይግባኝ ሰሚ መሄድ የሚፈልግ ይሂድ የሚል መንፈስ ያለው ዐረፍተ ነገርም ጨመሩ። ብዙዎች ማንዳመሱ ይቀርባል ብለው ጠብቀው ነበር። አልቀረበም። በእኛ ግምት ምክንያቱ ከላይ ያለው ሁለተኛው መስፈርት ነው፤ የመጨረሻ መመሪያ ስላልነበረ የሚከሰስ ብይን አልነበረም። ክሱ በሐምሌ 15 ቀን 2024 በሌላ ምክንያት፣ በልዩ ዐቃቤ ሕጉ አሿሿም፣ ተሰረዘ። የመመሪያው ጥያቄም ሳይፈታ ቀረ።

ተከሳሽስ ማንዳመስ መጠየቅ ይችላል?

ሕጉ አይከለክለውም፤ ግን አይሰጠውም ማለት ይቀላል። «ጥፋተኛ ከተባልህ ይግባኝ ትላለህ» የሚል መልስ ይጠብቀዋል። የመከላከያ ጠበቃ ጉልበቱን ማዋል ያለበት ለኋላ የሚጠቅም ተቃውሞ በማስመዝገብ ላይ ነው።

ተቃውሞ በትክክል የሚመዘገበው እንዴት ነው?

ብዙ ይግባኝ የሚሞተው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር እናድርገው።

ደንብ 30 ተቃውሞው ጁሪው ለምክክር ከመውጣቱ በፊት፣ የተለየ ነጥብና ምክንያት ተጠቅሶ እንዲቀርብ ይጠይቃል። ዳኛው ይህን ከጁሪው ጆሮ ውጭ፣ ከተጠየቀም ጁሪው በሌለበት፣ የማቅረብ ዕድል መስጠት አለበት። «መመሪያዎቹን በሙሉ እንቃወማለን» የሚል ዐረፍተ ነገር ምንም አያስመዘግብም። የራስን ረቂቅ አቅርቦ ዳኛው ሲጥለው ዝም ማለትም ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ዳኛው የሰጠው መመሪያ ለምን እንደተሳሳተ መነገር አለበት።

የሚሠራ ተቃውሞ ይህን ይመስላል፦ «በመመሪያ ቁጥር 14 ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ‹ያውቅ ነበር ወይም ማወቅ ነበረበት› ይላል። ድንጋጌው የሚጠይቀው በእርግጥ ማወቅን ነው። ‹ማወቅ ነበረበት› የሚለው ቸልተኝነትን ወደ ወንጀል ይለውጣል። ሐረጉ ይውጣ፤ በምትኩ በረቂቃችን ቁጥር 9 የቀረበው ይነበብ።» ቁጥሩ፣ ሐረጉ፣ የሕግ ምክንያቱ፣ መፍትሔው፤ አራቱም አሉ።

ሦስት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው የመመሪያ ውይይቱ በዳኛው ቢሮ፣ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ በሌለበት ሲደረግ ነው። ወደ ችሎት ሲመለሱ ተቃውሞው በመዝገብ ላይ ካልተደገመ ለይግባኝ ሰሚው እንዳልተባለ ነው። ሁለተኛው ዳኛው በመጨረሻ «ሌላ ነገር አለ?» ሲል «የለም፣ ተስማምተናል» ብሎ መመለስ ነው። ይህች ትሕትና ቀድሞ የተነሣውን ተቃውሞ እንደተተወ ልታስቆጥር ትችላለች፤ «ቀደም ካነሣነው ውጭ የለም» ይባል። ሦስተኛው የተሳሳተውን መመሪያ ያቀረበው ራሱ ጠበቃው ሲሆን ነው፤ ራሱ የጋበዘውን ስህተት በይግባኝ መክሰስ አይችልም።

ተከሳሹ አማርኛ ብቻ የሚናገር ከሆነ ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ይመድባል። በመመሪያው ውይይት ላይ ከተገኘ እሱም እንዲተረጎምለት ጠበቃው በግልጽ ይጠይቅ፤ የሕግ ክርክር ነው ተብሎ ሲታለፍ ተከሳሹ ምን እንደተወሰነበት ሳያውቅ ይቀራል።

ከፍርድ በኋላ ምን ዓይነት የመመሪያ ስህተት ፍርድ ያሽራል?

ተቃውሞው መመዝገቡና የስህተቱ ዓይነት ይወስናሉ። መመሪያው የሚታየውም ዐረፍተ ነገር ተነጥሎ ሳይሆን በሙሉ ነው።

ተቃውሞ ከተመዘገበ፣ ስህተቱ በውሳኔው ላይ ጉዳት አለማድረሱን ማሳየት የዐቃቤ ሕግ ሸክም ነው። አንድ ማቋቋሚያ ፍሬ ነገር ከመመሪያው ቢጎድል እንኳ ፍርዱ ወዲያው አይሻርም። በ1999 በታየ የግብር ማጭበርበር ጉዳይ ዳኛው ለጁሪው መተው የነበረበትን ፍሬ ነገር ራሱ ወስኖ ነበር፤ ማስረጃው የማያጠራጥር ስለነበር ፍርዱ ጸና። «ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ» የሚለው ራሱ በተሳሳተ መንገድ ከተገለጸ ግን፣ በ1993 ከሉዊዚያና በመጣው ጉዳይ እንደተወሰነው፣ ጉዳቱ ሳይመረመር ይሻራል። በትክክለኛ ሚዛን የተሰጠ ውሳኔ ጨርሶ የለምና።

ተቃውሞ ካልተመዘገበ የቀረው «ግልጽ ስህተት» የሚባለው ጠባብ በር ነው፦ ስህተት መኖሩ፣ ግልጽነቱ፣ የተከሳሹን መሠረታዊ መብት መንካቱ፣ የፍርድ ሂደቱን ክብር ክፉኛ ማጉደፉ። ሸክሙም ወደ ተከሳሹ ይዞራል። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጦር መሣሪያ መያዝ የተከለከለ ሰው በዚያ ምድብ ውስጥ መሆኑን ማወቁም መረጋገጥ አለበት አለ። በዚህ ተስፋ ያደረጉ፣ ግን በጊዜው ያልተቃወሙ ተከሳሾች በ2021 ወደቁ፤ በእርግጥ አያውቁም ነበር የሚያሰኝ ማስረጃ ሊያቀርቡ ይችሉ እንደነበር ማሳየት አልቻሉም።

በአንድ መመሪያ ምክንያት የተሻረ ትልቅ ፍርድ የሚፈልግ የአርተር አንደርሰንን ይመልከት። በሂሳብ ማጭበርበር የከሰረው የኃይል ኩባንያ የኤንሮን ኦዲተር የነበረው ይህ ድርጅት በ2002 ሰነድ በማስወገድ ጥፋተኛ ተባለ። ጁሪው ሰባት ቀን መክሮ መስማማት እንዳልቻለ አሳወቀ፤ ዳኛዋ እንደገና እንዲሞክሩ ካዘዙ ከሦስት ቀን በኋላ ነበር የወሰነው። መመሪያው ድርጅቱ ሥራው ሕጋዊ ነው ብሎ በቅንነት ቢያምንም ጥፋተኛ ማለት ይቻላል ይል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2005 በአንድ ድምፅ ሻረው። በአሜሪካ ብቻ ወደ 28,000 ሠራተኞች የነበሩት ድርጅት ግን በዚያን ጊዜ ከሞላ ጎደል ፈርሶ ነበር። በኋላ የሚመጣ ይግባኝ «በቂ መፍትሔ» ነው ሲባል ይህም ይታሰብ።

የይግባኝ ጊዜው ስንት ነው?

ለተከሳሽ 14 ቀን፣ ለዐቃቤ ሕግ በሚፈቀድለት ጉዳይ 30 ቀን። የሚቆጠረው ጁሪው ከወሰነበት ሳይሆን ፍርዱ በመዝገብ ከሰፈረበት ቀን ነው። አዲስ ክርክር ይደረግ የሚለው ማመልከቻ ግን ከጁሪው ውሳኔ ጀምሮ 14 ቀን ነው። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ነው።

ፍርዱ ከተሻረ ተከሳሹ ነጻ ነው?

አይደለም። በመመሪያ ስህተት የተሻረ ፍርድ ብዙውን ጊዜ ወደ አዲስ ክርክር ይመለሳል፤ ይግባኙን ያለው ራሱ ተከሳሹ ስለሆነ ድጋሚ መከሰስን የሚከለክለው መብት አይጠብቀውም። ማስረጃው ከመነሻው አይበቃም ከተባለ ብቻ ጉዳዩ ያበቃል።

ዳኛው በሕግ ስህተት ተከሳሹን ነጻ ቢለውስ?

ነጻ ነው። በሚሺጋን አንድ ዳኛ በቃጠሎ ክስ ላይ ዐቃቤ ሕግ ሕንጻው መኖሪያ ቤት አለመሆኑን ማስረዳት ነበረበት ብሎ ተከሳሹን አሰናበተ። ሕጉ ይህን አይጠይቅም። ስህተቱ ከስቴቱ የጁሪ መመሪያ ማብራሪያ ጋር የተያያዘ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013፣ 8 ለ 1፣ ሰውዬው ዳግም ሊከሰስ አይችልም አለ።

ለጁሪ ተመርጫለሁ፤ መመሪያው ባይገባኝስ?

ዜግነት ያገኙ ብዙ ኢትዮጵያውያን መጥሪያ ስለሚደርሳቸው ይህ ይጠየቃል። ጥያቄውን በጽሑፍ፣ በጁሪው ሰብሳቢ በኩል ለዳኛው መላክ ነው። ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ወይም ጠበቃ ዘመድ መጠየቅ ክርክሩን ሊያፈርስ ይችላል። የድምፅ ቆጠራችሁንም በወረቀቱ ላይ አትጻፉ። ዳኛው ጥያቄውን ለሁለቱም ወገኖች አሳይቶ ይመልሳል፤ መልሱም እንደ መመሪያ ስለሚቆጠር ጠበቆቹ እንደገና ይቃወሙበታል።

በኢትዮጵያ ተመሳሳይ ነገር አለ?

ጁሪ ስለሌለ የጁሪ መመሪያ የለም፤ ዳኞች ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም ራሳቸው ወስነው ምክንያቱን ይጽፋሉ። በመሀል ብይን ላይ ያለው ጥንቃቄ ግን ይመሳሰላል፦ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 184 በቀጠሮ፣ በክስ መቃወሚያና በማስረጃ ተቀባይነት ላይ በተሰጠ ብይን ወዲያው ይግባኝ አይባልም፣ ከዋናው ይግባኝ ጋር ግን ይነሣል ይላል። ትልቁ ልዩነት ያለው በቀጣዩ አንቀጽ ነው። አንቀጽ 185 ዐቃቤ ሕግ ነጻ በመለቀቅ ላይም ይግባኝ እንዲል ይፈቅድለታል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 23 ድጋሚ ክስን የሚከለክለው ፍርዱ የመጨረሻ ከሆነ በኋላ ነው። የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ ጁሪው ከመግባቱ በፊት የሚሮጠውን ሩጫ የኢትዮጵያው የማይሮጠው ለዚህ ነው።